የአልማዝ የቀለም ደረጃ ምንድን ነው?

የአልማዝ የቀለም ደረጃ ማለት ነጭ እየተባለ የሚሸጠው አልማዝ ከቢጫነት ወይም ከቡናማነት ምን ያህል የጸዳ እንደሆነ የሚገለጽበት መለኪያ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ በአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ በአጭር ስሙ ጂአይኤ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ፊደላት ፍጹም ቀለም ከሌለው ዲ ተነሥቶ ቀለሙ በግልጽ እስከሚታየው ዜድ ይወርዳል። ከዲ የተነሣውም ነጋዴዎች ቀደም ሲል ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚሉት ፊደላት በየራሳቸው መንገድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዳይምታታ ነው። ከዲ እስከ ኤፍ ያሉት ቀለም አልባ፣ ከጂ እስከ ጄ ያሉት ደግሞ ወደዚያ የተጠጉ ይባላሉ። የተለመደው ቢጫነት የሚመጣው አልማዙ ከመሬት ሥር ሲፈጠር ከካርቦኑ ጋር ከተቀላቀለ ናይትሮጅን ነው።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ነገር አልማዝ ከፊት ለፊት ሲታይ ብልጭታው ቀለሙን የሚሸፍን መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ድንጋዩን በሰፊው ጠፍጣፋ ፊቱ ነጭ ነገር ላይ ደፍተው፣ ደረጃቸው ከታወቀ የማነጻጸሪያ ድንጋዮች አጠገብ አድርገው ከጎኑ ይመለከቱታል። ገዢም ቀለበት ላይ ያልታሰረውን ድንጋይ እንዲያሳዩት ጠይቆ፣ በታጠፈ ነጭ ወረቀት መካከል ገልብጦ ቢያስቀምጠውና ብልጭታው ለአፍታ እንዲደበዝዝ እፍ ቢልበት፣ ከወርቅ ቤቱ ኃይለኛ አምፖል ሥር ያላየውን ቢጫነት ሊያይ ይችላል። ሁለትና ሦስት ድንጋዮችን ጎን ለጎን ማየት ደግሞ እጅግ ይረዳል፤ ዓይን አንዱን ብቻውን አይቶ ደረጃውን መለየት ይከብደዋልና።

ዲ ምንጊዜም ይሻላል ማለት ግን አይደለም። በቢጫ ወርቅ ላይ የሚታሰር ጄ ወይም ኬ የወርቁ ቀለም ስለሚውጠው ቢጫነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ለእንዲህ ያለ ቀለበት የዲን ዋጋ መክፈል በእኔ አስተያየት ገንዘብን ማባከን ነው። በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲነም ላይ ለሚታሰር፣ እንዲሁም ለትልቅ ድንጋይ ግን ቀለሙ ይበልጥ ስለሚጎላ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል።

አንዳንድ አልማዞች በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ሰማያዊ ያበራሉ፤ ይህም ቢጫነታቸውን ደብቆ ከደረጃቸው በላይ ነጭ ሊያስመስላቸው ይችላል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ፍሎረሰንስ ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ስለሆነ፣ ጠንካራ የሚል ከሠፈረበት ድንጋዩን በደጅም በቤት ውስጥ መብራትም አይቶ መወሰን ይገባል።