የሕክምና ክፍተት ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ከጎረቤቴና ከልጃቸው ጋር ደሴ ውስጥ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁን አረቄ ከያዘው ሦስት ዓመት አልፎታል። ነርሷ ቅጽ ይዛ ትጠይቃለች።

«ከዚህ በፊት በመጠጥ ምክንያት ታክመህ ታውቃለህ?»

«የለም።»

እናቱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ኧረ ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠምቋል፤ ንገሪያት እንጂ!»

«እትዬ፣ እሱ እዚህ አይጻፍም መሰለኝ» አልኳቸው። ነርሷ «የመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች።

በየአገሩ ያሉ የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች ለዓመታት ሲነጋገሩበት የኖሩት ነገር እዚያች ምልክት ላይ ነው የሚጀምረው። ስንት ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል? ስንቱስ አገኘ? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕክምና ክፍተት ይባላል። ሲሰሙት ተራ መቀነስ ነው። የሚቀነስበትን ቁጥር ማግኘቱ ነው ጣጣው።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ቢሮ በየዓመቱ የዓለም ሪፖርት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሪፖርት በዕፅ ምክንያት የጤና እክል ያለባቸውን ሰዎች 39.5 ሚሊዮን ብሎ ገመተ። ሕክምና ላይ ያለው ከ5 ሰው 1 ነው አለ። የ2024ቱ ቁጥሩን 64 ሚሊዮን አደረሰው፤ ሕክምና ላይ ያለውም ከ11 ሰው 1 ሆነ። በአንድ ዓመት ዓለም እንዲህ ተገለባበጠች ማለት አይደለም። ቁጥሩ ግምት ነው፤ አዲስ መረጃ ሲገባ ይዘላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገራችሁ መጀመሪያ «ማን ማን ተቆጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስቲ ወሎዬ ሆኜ ልጠይቅ። በዚያ 64 ሚሊዮን ውስጥ የጎረቤቴ ልጅ የለበትም። ሪፖርቱ የሚቆጥረው በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ቁጥጥር ሥር ያሉትን ዕፆች ነው፤ አረቄ እዚያ አይገባም። ጫትም እንዲሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በ1971ዱ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 ጫትን መርምሮ ቁጥጥር ውስጥ ይግባ አላለም። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶቹ 12 በመቶው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይህ ሁሉ ሰው ከትልቁ የዓለም ቁጥር ውጪ ነው። አልኮልንም ዕፅንም አንድ ላይ ይዞ የሕክምና ሽፋንን የሚጠይቅ መለኪያ ያለው በዘላቂ የልማት ግቦች ውስጥ ነው፤ 3.5.1 ይባላል። የእኛ ሰው ቢያንስ በግማሽ ጎኑ የሚታየው እዚያ ነው።

«ቅሞ ያውቃል» ማለት ደግሞ «ሕክምና ያስፈልገዋል» ማለት አይደለም። ይሄን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐድራ ላይ ከዱአው ጋር የሚቃመው ሌላ ነው። ጠዋት ካልቃመ ከአልጋው የማይነሳው፣ ለልጆቹ ደብተር የያዘውን ብር ለአንድ እስር ጫት የሚሰጠው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ 11ኛ እትም ጥገኝነትን የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው መቼና ምን ያህል እንደሚወስድ መቆጣጠር ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሥራውም ከቤተሰቡም ይቀድምበታል። ሦስተኛ፣ ሰውነቱ ይለምዳል፤ መጠኑን ይጨምራል፣ ሲያጣው ይታመማል። ከሦስቱ ሁለቱ መታየት አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜም ለ12 ወራት ያህል። እኛ «ሐራራ» የምንለው ነገር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ለመጠጥ ደግሞ የታወቀ መጠይቅ አለ። ኦዲት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት አገሮች ያሉ ባለሙያዎችን አስተባብሮ ነው ያዘጋጀው፤ ከስድስቱ አንዷ ኬንያ ናት። አሥር ጥያቄዎች፣ ቢበዛ 40 ነጥብ። 8ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ያሳስባል ይባላል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን አንዱ ጥያቄ «በምትጠጣበት ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ?» ይላል። አንድ «መጠጥ» ሲሉ 10 ግራም ያህል አልኮል ማለታቸው ነው። ቢራ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ይሰላል። ጠላስ? የአንዷ ቤት ጠላ ወፍራም፣ የሌላዋ ቤት ቅራሪ ነው፤ ጣሳውም ልክ የለውም። አረቄውም ዳግም ነው፣ ተራ ነው? መለኪያዋ እንደ ቤቱ ትልቅም ትንሽም ናት። ከሌላ አገር የመጣ መጠይቅ ደሴ ሲደርስ መተርጎም ብቻ አይበቃውም፤ ከጠላ ሻጯ ጋርም መማከር አለበት።

የመቁጠሩን ሥራ በደንብ ያደራጁት አውሮፓውያን ናቸው። ሊዝበን ያለው የዕፅ መረጃ ማዕከላቸው ለሁሉም አባል አገር አንድ ዓይነት ጥያቄዎች አሉት፤ በዓመቱ ሕክምና የጀመረው ሰው ማን ነው? ዋናው ችግሩ የቱ ዕፅ ነው? ከዚህ በፊት ታክሟል? አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቢታከምም አንዴ ብቻ እንዲቆጠር ይጥራሉ። እኛ አህጉር ላይ ደቡብ አፍሪካ ከ1996 ጀምሮ የራሷ መረብ አላት። የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም አላቸው። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ አህጉሩን የሚያያይዝ መረብ ጀምሯል። መዝገብ በሌለበት አገር ባለሙያውን መጠየቅም አንድ መላ ነው። ኮቪድ ሁሉን በዘጋበት በ2020 ዓለም አቀፉ የሱስ ሕክምና ማኅበር በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎችን «እናንተ ጋ ምን ተቋረጠ?» እያለ የጠየቀው ለዚህ ነው።

ሕክምና ቤት ያልመጣው ሰውስ እንዴት ይገመታል? እዚህ ላይ የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች በቀላሉ የሚገባቸው ዘዴ አለ። ዛሬ 100 ቆሮሶ ያዝ፣ ምልክት አድርግና መልሰህ ልቀቅ። ሌላ ቀን 50 ስትይዝ 10ሩ ምልክት ካላቸው፣ ምልክት ያላቸው ከያዝከው አንድ አምስተኛ ናቸው። እንግዲያው ሐይቁ ውስጥ ወደ 500 ዓሣ አለ። በሰው ሲሆን መረቡ ዝርዝር ነው፤ አንዱ የሆስፒታል፣ ሌላው ለምሳሌ የፖሊስ። በሁለቱም ላይ የተገኙት ስንት እንደሆኑ ታይቶ፣ በአንዱም ላይ የሌሉት ይገመታሉ። ዘዴው የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ዓሣ መረብ መሸሽ ከተማረ ሒሳቡ ይበላሻል። ሰው ደግሞ ይሸሻል፤ ይልቁንም ሴት። የ2024ቱ ሪፖርት የዕፅ ችግር ካለባቸው ወንዶች ከ7 1ዱ፣ ከሴቶች ግን ከ18 1ዷ ብቻ ሕክምና ላይ ናት ይላል። እኛ ሰፈር ማን ወንድ እንደሚቅም ሁሉም ያውቃል። በጓዳ የምትቅመዋን ግን ከራሷና ከጫት ሻጯ በቀር ማን ያውቃታል?

ደሴ ላይ ይህን እንሥራ ብንል አንደኛው ዝርዝር አለ፤ የሆስፒታሉ መዝገብ። ሁለተኛውን ከየት እናምጣ? ወሎ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼሁ ዘንድ ነው፤ እዚያ ስም መዝግቦ የሚይዝ የለም። መዝግቡ ማለትም ደስ አይልም። ሰው እዚያ የሚሄደው ስሙ እንዳይያዝ ብሎም ነው። እኔ ብጠየቅ የምጨምረው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ታክመህ ታውቃለህ?» ከሚለው ሥር «ሌላ ቦታስ መፍትሔ ፈልገህ ታውቃለህ?» የሚል። ይህን መጠየቅ ጠበልን ሕክምና ነው፣ አይደለም ብሎ መፍረድ አይደለም። ሰውየው እርዳታ መፈለግ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማወቅ ነው።

ከሆስፒታሉ ስንወጣ እትዬ ዝም ብለው ቆዩና «ያን ሁለት ሱባዔ አብሬው ነበርኩ፤ እንዴት የለም ይላል?» አሉኝ። ልጁ ሰማ። «ሐኪም ቤት ነው ያለችኝ እኮ፣ እማ» አላቸው።