ገብሱ ምን ሆነ? ስለ እህል ምግቦች ታሪፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ትራንዚተር (ለአስመጪዎች የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም) ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ስልክ ያውቀዋል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ በቆሎ ነው! ለምንድነው ከብስኩት ጋር ምዕራፍ 19 የከተቱት?» ደዋዩ ያስመጣው ኮርንፍሌክስ ነው። ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ቆሟል፣ ዴሜሬጁ (ለዘገየ ኮንቴይነር የሚከፈለው) ይቆጥራል። እሱ ደግሞ ወጪውን ያሰላው በጥሬ እህል ታሪፍ ነበር።

የጉምሩክ ታሪፍ ዕቃዎችን በምዕራፍ ከፍሎ ለየዕቃው ቁጥር ይሰጣል፤ የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን ያሳያሉ፣ ቀረጡም በቁጥሩ ይወሰናል። ቁጥሩን ሲሰጥ ጉምሩክ «ከምን ተሠራ?» ብሎ አያቆምም። «ምን ተደረገበት?» ይላል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ከመዝለል ነው።

«ገብስ ገብስ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ነው»

እስቲ ገብስን እንከተለው። ከአውድማ የወጣ ጥሬ ገብስ ምዕራፍ 10 ውስጥ 1003 ነው። ሲፈተግ ወደ ምዕራፍ 11 ይሻገራል፣ 1104 ይሆናል። ሲፈጭ 1102። በቅሎ ብቅል ሲሆን 1107፣ ብቅሉ ቢቆላም እዚያው ነው። ራሱ ገብሱ ተቆልቶ ቆሎ ከሆነ ግን 1904 ነው፤ ቁጥሩ በመቁላት ወይም በማፈንዳት የተዘጋጁ የእህል ምግቦችን ይይዛል። ጠቆር ብሎ ተቆልቶ በቡና ፋንታ የሚፈላ ከሆነ 2101 ውስጥ ከቡና ምትኮች ጋር ይቀመጣል። ቢራ ሆኖ ሲወጣ 2203። አንድ ማሳ፣ ሰባት ቁጥር።

ኮርንፍሌክሱም የሄደው ከቆሎው ጋር ነው፣ 1904።

«እንግዲያው የተፈተገ ሁሉ ከምዕራፍ 10 ይወጣል»

ሩዝ አይወጣም። ቅርፊቱ ቢወልቅ፣ ቢወለወል፣ ቢሰባበር፣ ፓርቦይልድ (ከነቅርፊቱ በከፊል የተቀቀለ) ቢሆን እንኳ 1006 ላይ ይቆያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምዕራፉ ማስታወሻ (ታሪፉ ውስጥ ምዕራፉ መግቢያ ላይ ያለው ደንብ) በስም ጠርቶ ስላስቀረው ነው። የተቀቀለ፣ ለመብላት የደረሰ ሩዝ ከሆነ ግን ወደ 1904 ይሄዳል።

በቆሎም የራሱ ጉድ አለው። ስዊት ኮርን የሚባለው ጣፋጭ በቆሎ በታሪፍ ዓይን እህል አይደለም፣ አትክልት ነው። በረዶ ሆኖ ከመጣ ምዕራፍ 7፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ከመጣ ምዕራፍ 20። የምዕራፍ ማስታወሻ ሳያነብ ኮድ የሚሰጥ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

«ቸኮሌት ካለበት ቸኮሌት ነው»

ይሄ ብዙ ሰው ያደክማል። መልሱ በዕቃው ይለያያል።

ብስኩት ከሆነ ዙሪያውን በቸኮሌት ቢለበጥም 1905 ነው። የቸኮሌት ምዕራፍ፣ ማለትም 18፣ ራሱ በማስታወሻው የ1905 ዕቃዎችን አልቀበልም ይላል።

የቁርስ ፍሌክስ ከሆነ ግን ወሰን አለው። ካካዎው ከ6 በመቶ ካለፈ፣ ወይም ፍሌክሱ ሙሉ በሙሉ በቸኮሌት ከተለበጠ፣ 1904ን ለቆ 1806 ይገባል። እዚህ ላይ ካርቶኑን አይቶ መፍረድ ያሳስታል። 6 በመቶው የሚለካው የካካዎው ስብ በሙሉ እንደወጣ ተቆጥሮ ነው። 100 ግራም ፍሌክስ ውስጥ 7 ግራም የካካዎ ዱቄት አለ እንበል። የዱቄቱ 20 በመቶ ስብ ከሆነ 1.4 ግራም ይቀነሳል፣ የሚቀረው 5.6 ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ካካዎ 7%» ቢልም ዕቃው 1904 ላይ ይቆያል። የካካዎውን የስብ መጠን የሚያሳይ ወረቀት ከአምራቹ አስቀድሞ ማስላክ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ይህን ወረቀት ማሳደድ ራስ ምታት ነው።

«ዱቄት ላይ ምንም ቢጨመር ያው ዱቄት ነው»

ቫይታሚንና ማዕድን በጥቂቱ ቢጨመርበት፣ አዎ። የስንዴ ዱቄት ከሆነ 1101 ላይ ይቀራል። ቤኪንግ ፓውደር የገባበትም እንደዚያው። ስኳርና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎበት ለኬክ የተዘጋጀው ግን 1901 ነው።

የሕፃን ምግብም እዚሁ 1901 ውስጥ የራሱ ንዑስ ቁጥር አለው፣ 1901.10። «የሕፃን ሥዕል ካለበት ያልፋል» የሚል አስመጪ አይጠፋም። ሥዕሉ ብቻውን ምንም አያደርግም። ለሕፃናት ወይም ለትንንሽ ልጆች የሚስማማ፣ ደግሞም ለችርቻሮ የታሸገ መሆን አለበት። ያው ዱቄት በ25 ኪሎ ጆንያ ከመጣ ይህን ቁጥር አያገኝም።

«ሥጋ ቢኖርበትም ሊጥ ነውና ምዕራፍ 19 ነው»

ሥጋው ከክብደቱ 20 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ። ካለፈ ምዕራፍ 16። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ የታሪፉ እትም ወዲህ ነፍሳትም በዚሁ ስሌት ይገባሉ (ማን ሊበላው እንደሆነ አልጠይቅም)። በሥጋ የተሞላ ፓስታ፣ እንደ ራቪዮሊ ያለው፣ ከዚህ ደንብ ነፃ ነው፤ የፈለገውን ያህል ሥጋ ይኑረው 1902 ነው።

«ፍርድ ቤት ዳቦ አይደለም ካለ ጉምሩክም አይቀበለውም»

እ.ኤ.አ. በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰብዌይ (የሳንድዊች ሬስቶራንቶች ድርጅት) ሳንድዊች ዳቦ ዳቦ አይደለም ማለቱ ብዙ አሳቀ። ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 10 በመቶ ነበር፣ ሕጉ የሚፈቅደው 2 በመቶ። ግን ያ የአገሪቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ነው። ታሪፉ ላይ 1905 ዳቦንም ኬክንም ብስኩትንም አብሮ ይይዛል።

«ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ ኮድ ጽፏል፣ አለቀ»

የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሥርዓት ለሁሉም አንድ ናቸው። ሥርዓቱ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከስድስቱ በኋላ ያሉት አኃዞች የየአገሩ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ታሪፍ ስምንት አኃዝ ይጠቀማል። ሻጩ የሚጽፈው የራሱን አገር ቁጥር ነው፣ አንዳንዴም ከአሮጌ እትም። ስድስቱም ቢሆኑ የእሱ አስተያየት ናቸው። በዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) የምትጠየቀው አንተ ነህ።

«ባለፈው በዚህ ቁጥር አልፎልኛል» የሚለውም አያዋጣም። ባለፈው ያለፈውን ከድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት በኋላ ልዩነቱን ክፈል የተባለ ያውቀዋል።

«የእኛ ምግብ የታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ የለም»

በስሙ ባይጻፍም ቦታ አለው። ጥሬ ጤፍ 1008 ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍን እህል ወደ ውጭ መላክ ስታግድ እንጀራው መውጣቱን ቀጠለ። እንጀራ ደግሞ 1905 ነው፣ ከዳቦ ጎን።

በሶ ግን ያከራክራል። ዱቄት ስለሆነ 1102 ነው ሊባል ይችላል። የዱቄት ዝግጅት ነው፣ 1901 ይግባ የሚልም አይጠፋም። እኔ ወደ 1904 አደላለሁ፣ ምክንያቱም በሶን በሶ ያደረገው መቆላቱ ነው። በሶ የምትልክ ከሆነ ዕቃው ሳይጫን ከተቀባዩ አገር ጉምሩክ የጽሑፍ ውሳኔ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ከናሙናው ጋር አሠራሩን በቅደም ተከተል ጻፍላቸው፤ መጀመሪያ ተቆላ፣ ከዚያ ተፈጨ፣ ስኳር አልገባበትም።