አረንጓዴው ጂፕሰም ቦርድ ምንድን ነው?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው አክስቴ የወጥ ቤቷን ጥግ በቀጭን ግድግዳ ለይታ ትንሽ ክፍል ማሠራት ፈለገች። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ፣ ምጣዱ፣ ሮቶው፣ ጀሪካኑ፣ መወልወያው፣ ሁሉም ከእንግዳ ዓይን ዘወር እንዲልላት ነው። ባለሙያ መጣ፤ ለካና «በአረንጓዴው እንሠራዋለን፣ ውሃ አይነካውም» ብሏት ሄደ። ወዲያው ደወለችልኝ። «አንተ፣ አረንጓዴው የሚለኝ ምኑን ነው?»

ጂፕሰም ቦርድ ነው። ጂፕሰም ደግሞ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ጄሶ የምንለው ነው። እጁ ለተሰበረ ሰው ሐኪም ቤት የሚታሰርለት ያው ጄሶ። ድንጋዩ በአገራችንም አለ፤ በጎሐ ጽዮን በኩል ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው በጂፕሰም ድንጋይ መሃል ነው ያለፈው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በእሳት ውሃው ይወጣለታል፣ እንደገና በውሃ ይቦካል። ከዚያ በሁለት ጠንካራ ወረቀቶች መሃል ተነጥፎ ይደርቃል። ቦርዱ ይኸው ነው፤ ወረቀት፣ ጄሶ፣ ወረቀት። የተለመደው መጠን 1.20 ሜትር በ2.40 ሜትር ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው አንዱ ቦርድ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል።

ለምን በብሎኬት አይሠራም? ይሠራል። ግን 10 ሳንቲም ብሎኬት በሁለት በኩል ሲለሰን በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ይሆናል። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ነው። በቀጭን የላሜራ ፍሬም ላይ በሁለት በኩል ቦርድ ሲመታ ግን ካሬው ከ25 ኪሎ ብዙም አይርቅም። አሸዋ በደረጃ ማሸከሙም ይቀራል።

የጂፕሰም ጠላቱ ውሃ ነው። ወረቀቱ ይጠጣል፣ ጄሶው ይለሰልሳል፣ ብሎኑ የያዘበት ቦታ ይላላል። እርጥብ ወረቀት ላይ ደግሞ ሻጋታ ለመብቀል ብዙ ቀን አይፈጅበትም። አረንጓዴው የተሠራው ለዚህ ነው። ጄሶው ሲቦካ ሲሊከን ወይም ሰም መሰል ነገር ይጨመርበታል፤ ወረቀቱም ውሃ በቀላሉ እንዳይጠጣ ይታከማል። ቀለሙ ራሱ ምንም አይሠራም፤ ከተራው እንዲለይ ብቻ ነው። ሮዝ ካያችሁ ደግሞ ለእሳት የተጠናከረው ነው።

እና «ውሃ አይነካውም» የሚለው ነገር? እዚህ ላይ ነው ከባለሙያው የምንለያየው። አረንጓዴው የሚችለው እርጥበትን ነው። የምጣዱን እንፋሎት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤት ውስጥ የተሰጣውን ልብስ፣ አልፎ አልፎ የሚረጨውን ውሃ ይችላል። የተኛ ውሃን ግን አይችልም። በአውሮፓው ኢኤን 520 ደረጃ ከሁሉም ጠንካራ የሚባለው ዓይነት 2 ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ መጠጣት የለበትም። ልብ በሉ፣ ጥቂት ይጠጣል እንጂ አይጠጣም አልተባለም። የተነገረውም ስለ 2 ሰዓት ነው እንጂ ስለ አንድ ሌሊት አይደለም።

ይህ ቁጥር ለገበያም ይረዳል። ሻጩን ቁራጭ ለምኑትና ቤት ወስዳችሁ መዝኑት። 2 ሰዓት ንከሩት፣ በጨርቅ ጠርጉት፣ እንደገና መዝኑት። 200 ግራም የነበረው 210 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከከበደ ግን አረንጓዴ ወረቀት ለብሶ የመጣ ተራ ቦርድ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የወጥ ቤት ሚዛን ፍጹም ላቦራቶሪ ባይሆንም ትልቁን ልዩነት ያሳያል።

የአዲስ አበባ ቤት ግን የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቧንቧው ደርቆ ሳለ ከፍቶ መርሳት የሁላችንም ጥፋት ነው። እኔ ካዛንቺስ ተከራይቼ ስኖር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው መጣ፤ እኔ ተኝቻለሁ። ስነሳ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። አረንጓዴው ፓርቲሽን ከላይ ምንም አልሆነም፤ ከታች አንድ ስንዝር ያህሉ ግን ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ አብጦ ነበር። ቦርዱ ወለሉን ነክቶ ነበር የተመታው፤ ከዞኮሎው፣ ማለትም ከግድግዳው ግርጌ ከሚለጠፈው ጠርዝ፣ ጀርባ ስለሆነ ማንም አላየውም።

ስለዚህ የኔ ምክር እግሩን ከውሃ አውጡት ነው። ከታች ሁለት ረድፍ ብሎኬት አስደርድሩ፤ 40 ሳንቲም ይሆናል፣ ክብደቱም ያን ያህል አይደለም። ይለሰን፣ ውሃ መከላከያ ይቀባ፣ ሴራሚክ ይልበስ። ፍሬሙና አረንጓዴው ከዚያ በላይ ይነሱ። ብሎኬት ካልፈለጋችሁ ከታች ሲሚንቶ ቦርድ አስመቱ። እሱ ወረቀት የለውም፤ ሲሚንቶ በመስታወት ክር መረብ ተጠናክሮ የተሠራ ነው። ቢርስም አይበሰብስም፤ መልሶ ይደርቃል። ይከብዳል፣ ለመቁረጥም ያስቸግራል፤ ለሙሉ ግድግዳ ካሰባችሁት ኪስም ይጎዳል። ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ ቦርዱ ከወለሉ 1 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይመታ፤ ክፍተቱ በሲሊከን ይደፈን።

ሴራሚክ ራሱ ውሃ ባያሳልፍም መጋጠሚያው ያሳልፋል። ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ መጀመሪያ የውሃ መከላከያ ቅብ፣ ከዚያ ሴራሚክ።

ቺፑድ፣ ያ ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የሚሠራው፣ ግን አደራ! ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ቶሎ ያልቃል። ማሽኑ አንድ ቀን ካፈሰሰ አብጦ ይፈረፈራል፤ ከደረቀ በኋላም ወደ ነበረበት አይመለስም። ኮምፔንሳቶ ይሻላል፤ ቦታው ግን ከቦርዱ ጀርባ ነው። ቦይለር የሚሰቀል ከሆነ 50 ሊትሩ ውሃ ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ ጂፕሰም ላይ በፊሸር፣ ብሎን በሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ብቻ አይያዝም። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ከፍሬሙ ጋር በደንብ የታሰረ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ወይም ብረት ይግባበት። ከተዘጋ በኋላ ማስታወስ ዋጋው እጥፍ ነው።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ አላወራሁላትም። «ከታች ሁለት ረድፍ ብሎኬት ይሁን በይው» አልኳት። በማግስቱ ባለሙያው ተከራከራት፤ አረንጓዴው ሳለ ለምን ትደክሚያለሽ ብሎ። «ልጄ» አለችው፣ «ውሃው ሌሊት ሲመጣ አንተ አትኖርም።» ብሎኬቱን ደረደረላት።