ኦፕን ጂ ቅኝት ምንድን ነው? የኪት ሪቻርድስ ባለአምስት ክር ጊታር

ጊታር ስድስት ክር አለው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ ግን መድረክ ላይ ከሚይዛቸው ጊታሮች ብዙዎቹ ያላቸው አምስት ክር ብቻ ነው። ስድስተኛው ተበጥሶ አይደለም። ሆን ብሎ አውልቆት ነው።

ምክንያቱ ኦፕን ጂ የሚባለው ቅኝት ነው።

ክራር የነካ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ጊታሪስት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደክምም። ጊታር ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል፤ ዘፈን ሲቀየር የሚቀየረው የጣት አያያዝ ነው። በዚህ ቅኝት ምንም ሳትጫኑ ሁሉንም ክር ብትመቱ ጆሮ የሚይዝ ነገር አይወጣም።

ኦፕን ጂ ላይ ሁለቱ ኢዎችና ኤው አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ይወርዳሉ። ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሆናል። አሁን ባዶውን ስትመቱት የጂ ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ተስማሚ ድምፆች) ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። አንድ ጣት አምስተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አጋድሙ፣ ሲ ነው። ሰባተኛው ላይ፣ ዲ። በሦስት ኮርድ ለሚያልቅ ብሉዝ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ታዲያ ስድስተኛው ለምን ወለቀ? ያ ወፍራም ክር አሁን ዲ ነው። ከኮርዱ መነሻ ከጂ ሥር ገብቶ ድምፁን ያደፈርሰዋል። እሱ ሲወጣ ጂ ራሱ መሠረት ይሆናል፤ ታችኛው ቦታ ደግሞ ለቤዝ ጊታሩ ይለቀቃል።

ቅኝቱ የሪቻርድስ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ደቡብ የብሉዝ ተጫዋቾች ከእሱ በፊት ይጠቀሙበት ነበር። ባለአምስት ክር ባንጆም የሚቃኘው በነዚሁ ድምፆች ነው። ሪቻርድስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደር እንዳገኘው ራሱ ተናግሯል። ኩደር በበኩሉ ስቶንሶች ብዙ ነገሬን ወሰዱብኝ ብሎ በአደባባይ አማርሯል። እኔ ቅሬታው ይገባኛል። ግን ኩደርም ቢሆን ቅኝቱን ከአሮጌ ሸክላ ነው የለቀመው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ያኔ ሪቻርድስ ጀማሪ አልነበረም። በ1943 ዳርትፎርድ ተወልዶ፣ በ1961 እዚያው ባቡር ጣቢያ የቸክ ቤሪና የመዲ ዋተርስ ሸክላ ካቀፈው፣ በኋላ የስቶንስ ዘፋኝ ከሆነው ሚክ ጃገር ጋር ተገናኝቶ፣ በ1965 «ሳቲስፋክሽን»ን በተለመደው ቅኝት ተጫውቶ ዓለምን ያዳረሰ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን እጁ የለመደውን መደጋገም ሰልችቶት ነበር። አዲሱ ቅኝት የሚያውቀውን ሁሉ አፈረሰበት። ውጤቱ በ1969 «ሆንኪ ቶንክ ዊመን»፣ በ1971 «ብራውን ሹገር»፣ በ1981 «ስታርት ሚ አፕ» ሆኖ ወጣ። የመጨረሻው መጀመሪያ በሬጌ ምት ነበር የተሞከረው፤ በሬጌው ስልት ደጋግመው ቀርጸው ትተውት ነበር።

ሚስጥሩ ያለው ሁለት ጣት ላይ ነው። ሌባ ጣት አምስቱንም ክር ተጭኖ ይቀመጣል። የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ደግሞ ከፊቱ ሁለት ክር ነክተው ይነሳሉ። ሲ የነበረው ለአፍታ ወደ ኤፍ ያዘነብላል፣ ይመለሳል። ያ መውጣትና መግባት ነው «ስቶንስ ነው!» የሚያሰኘው። ሪቻርድስ ራሱ አምስት ክር፣ ሦስት ኖታ፣ ሁለት ጣትና አንድ ባለጌ ይበቃል ብሎ ይቀልዳል። የመጨረሻዋን ቃል ትንሽ አለስልሻታለሁ።

ጊታር በተማርኩበት ሰሞን «ብራውን ሹገር»ን በተለመደው ቅኝት ለወራት ስታገል ከረምኩ። ኮርዶቹ ትክክል፣ ምቱ ትክክል፣ ድምፁ ግን ሌላ። ጥፋቱ የጣቴ መስሎኝ ነበር። እንደኔው የታገሉ ብዙዎች ናቸው፤ ምስጢሩን ያገኙት ደግሞ የራሳቸውን ሙዚቃ ሠርተውበታል። የአሜሪካው የሮክ ባንድ የብላክ ክሮውስ ጊታሪስት ሪች ሮቢንሰን አንዱ ነው።

መሞከር ለሚፈልግ፣ ኤውንና ቀጭኑን ኢ አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ማላላት ይበቃል። ስድስተኛውን ማውለቅ ግዴታ አይደለም፤ አለመምታት ነው። እኔ ግን አወለቅኩት።