የኮሌጅ ቤዝቦል ምልመላ በአሜሪካ፦ ወላጅ ምን ይከፍላል፣ ልጅ ምን ያገኛል?

የኮሌጅ ቤዝቦል ምልመላ የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኞች የሃይስኩል ተጫዋቾችን አይተው የሚመርጡበት ሂደት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚገባበት «ልጄ በነፃ ይማርልኛል» ብሎ ነው። ቤዝቦል ግን ሙሉ ስኮላርሺፕ ብዙም የማይገኝበት ስፖርት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ሒሳብ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለአንድ የዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የቤዝቦል ቡድን ለብዙ ዓመታት የፈቀደው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ትልልቆቹ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች በዚያው ጊዜ 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበራቸው። 11.7ቷ እስከ 27 ለሚደርሱ ልጆች ትከፋፈል ነበር። ለሁሉም እኩል ብትደርስ ለአንዱ 43 በመቶ ገደማ ነው። ግን እኩል አትደርስም ነበር፤ ጎበዝ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ብዙውን ይወስዳል፣ ሌላው 25 በመቶ ይዞ ይገባ ነበር። በዓመት 60 ሺህ ዶላር በሚያስከፍል ዩኒቨርሲቲ 25 በመቶ ማለት ወላጅ በየዓመቱ 45 ሺህ ይከፍላል ማለት ነው።

በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት «ሃውስ» የሚባለው የፍርድ ቤት ክስ ስምምነት ይህን የስኮላርሺፕ ጣሪያ አስቀረው። ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት አሁን እስከ 34 ተጫዋች ይይዛል፤ ከፈለገ ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል። መቻልና መስጠት ግን ለየቅል ናቸው። ለቤዝቦል ይህን ያህል ገንዘብ የሚመድቡት ጥቂት ሀብታም ፕሮግራሞች ናቸው።

ከዲቪዥን 1 ውጭ ያለውን ብዙ ወላጅ ሳያየው ያልፋል። ዲቪዥን 2 ለቡድን 9 ስኮላርሺፕ ይፈቅዳል። ዲቪዥን 3 ለስፖርት ምንም አይከፍልም፤ ለውጤትና ለቤተሰብ ገቢ ግን ይከፍላል። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም ዲቪዥን 1 ይሁን እንጂ ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። የሁለት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ አሉ፤ በተጫዋቾቹ አፍ «ጁኮ» ይባላሉ። ክፍያቸው ርካሽ ነው፣ ልጁም ወዲያው ሜዳ የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። በእኔ እምነት የሚገባቸውን ያህል አልተወራላቸውም።

ዋናው የወላጅ ወጪ የሚጀምረው ከኮሌጅ በፊት ነው። ልጁ በበጋ ከከተማ ከተማ የሚዞር የግል ቡድን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሾውኬዝ ይከተላል። ሾውኬዝ ጨዋታ ሳይሆን ፈተና ነው። ልጁ 60 ያርድ ይሮጣል፣ ሰዓት ይያዝበታል። ኳስ ሲወረውር በራዳር ይለካል። ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበል) ከሆነ ኳሷን ይዞ ሁለተኛ ቤዝ ላይ እስኪያደርሳት ድረስ ያለው ጊዜ ይቆጠራል፤ 2 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ አሰልጣኞች ቀና ብለው ያያሉ። ጥቂት ኳስ ይመታል፣ አለቀ። ለዚህች መመዝገቢያው ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ይሆናል። ሆቴል፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ቲኬት ገና አልተቆጠሩም። ጥሩ ዱላ ብቻውን 400 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ባንድ በጋ ብዙ ሺህ ዶላር ድራሹ ይጠፋል።

«ካምፓችን ላይ እንድትገኝ ጋብዘንሃል» የሚለው ኢሜይልም አለ። ቤዝቦልን ሳያውቅ ያደገ የሀበሻ ወላጅ ይህን ሲያይ ልጁ የተመረጠ ቢመስለው አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ ግን ስም ብቻ እየተቀየረ ለመዓት ልጅ የሚላክ ማስታወቂያ ነው። የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ 11ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ካለው ኦገስት 1 ቀደም ብሎ ለምልመላ መጻፍም መደወልም አይችልም፤ የካምፕ ማስታወቂያ ግን አልተከለከለም። ከልቡ የፈለገው አሰልጣኝ ልጁ ሲጫወት ምን እንዳየ ለይቶ ይናገራል።

ፉክክሩም ከብዷል። የሜጀር ሊግ ድራፍት (የፕሮፌሽናል ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) ከ40 ዙር ወደ 20 ስለወረደ ድሮ በቀጥታ ፕሮፌሽናል ይሆኑ የነበሩ ልጆች ኮሌጅ እየገቡ ነው። ተጫዋቾች ኮሌጅ ለመቀየር በሚመዘገቡበት የዝውውር ፖርታል በኩል ደግሞ ልምድ ያለው የ22 ዓመት ተጫዋች ማግኘት ይቻላል። አሰልጣኝ ታዲያ የ18 ዓመት ልጅ እስኪበስል ለምን ይጠብቃል?

ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ ትልቁ ገንዘብ ያለው ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት ማስረጃው) ላይ ነው። ኤንሲኤኤ ለዲቪዥን 1 ራሱ 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ኮሌጆች ለውጤት የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ግን ለዚያ ዓይነት ዝቅተኛ ውጤት አይደለም። ልጁ ትከሻው ቢጎዳም በውጤቱ ያገኘው ገንዘብ አይነካም። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅጽም በጊዜ መሙላት ነው።

በመጨረሻ የቃል ግብዣ ይመጣል። በእኛ ዘንድ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ በምልመላ ግን የቃል ግብዣ ማንንም አያስርም፣ አሰልጣኙ ሥራ ከለቀቀም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ድሮ የሚፈረመው ብሔራዊ የስምምነት ደብዳቤ በ2024 ስለቀረ፣ አሁን የሚፈረመው የስኮላርሺፑ ውል ራሱ ነው። ከመፈረም በፊት ገንዘቡ በየዓመቱ የሚታደስ ነው ወይስ ለአራቱም ዓመት የተያዘ፣ ጉዳት ቢደርስስ ምን ይሆናል የሚለው በጽሑፍ ይጠየቃል።