ከባሕር ዳር ቀጥታ አሜሪካ? ስለ ትናንሽ ኤርፖርቶች የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

የግሪንላንድ ዋና ከተማ ኑክ ነዋሪዋ 20 ሺህ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ በብዙ ትበልጣታለች። ዩናይትድ ኤርላይንስ ግን በሰኔ 2025 ከኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ኒውአርክ ወደ ኑክ ቀጥታ መብረር ጀመረ (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ስጠቅስ በፈረንጆች ነው)። በዚያው ዓመት የአየርላንዱ ኤር ሊንገስ ደብሊንን ከአሜሪካዎቹ ናሽቪልና ኢንዲያናፖሊስ ጋር አገናኘ። እንዲህ ያለ ወሬ ጎጃም ሲደርስ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ታዲያ ባሕር ዳር ምን ያንሳታል?»

ጥያቄው ደህና ነው። አብረውት የሚወሩት ነገሮች ግን አብዛኞቹ ልክ አይደሉም።

«ማኮብኮቢያው ረጅም ከሆነ አለቀ»

የባሕር ዳሩ በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኑክ አዲሱ ማኮብኮቢያ 2,200 ሜትር ብቻ ነው። በሜትር ከሆነ እንበልጣለን። ችግሩ ሌላ ነው። ኑክ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፣ አየሯም ቀዝቃዛ ነው። የእኛው ኤርፖርት ያለው ግን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሳው ክብደት፣ ሞተሩም የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወይ ብዙ መሮጥ አለበት፣ ወይ ነዳጅና ጭነት ቀንሶ መነሳት አለበት። የሚያዝያ ቀትር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ምስክር ከተፈለገ ቦሌ አለ። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ነው የኖረው፤ አንድ ሰሞን ሮም፣ አንድ ሰሞን ደብሊን። ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። የዋሽንግተኑ ዱለስ ኤርፖርት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ነዳጁን ጢም አድርጎ መነሳት ይቻላል። ወደ ምሥራቅ ሲበር ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው።

«ቀጥታ ከተባለ የትም አያርፍም»

ልጆች ለእናታቸው ትኬት ይቆርጡና «እማዬ፣ አታስቢ፣ ቀጥታ ነው» ይላሉ። እናት ደብሊን ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። አስተናጋጇ መልሳ ታስቀምጣቸዋለች። የበረራ ቁጥሩ ካልተቀየረ መሀል ላይ ቢያርፍም ቀጥታ ይባላል። ለነዳጅ ብቻ ሲያርፍ ደግሞ ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው አይነሳም።

ቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባው የዱለሱ ነው። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሚኒያፖሊስ» ቢልም፣ መጀመሪያ በረገጡት የአሜሪካ ኤርፖርት ሻንጣቸውን ራሳቸው አንስተው፣ ጉምሩክ አልፈው፣ ለቀጣዩ በረራ መልሰው ማስረከብ አለባቸው። የያዙትን ምግብም ማስመዝገብ ግድ ነው። ቋንጣ ከሆነ እዚያው ይቀራል፤ ልመናም አያድነውም።

«ውቅያኖስ የሚሻገረው ግዙፍ አውሮፕላን ብቻ ነው»

ትናንሽ ከተሞችን ያስፈነደቃቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኤርባስ ኤ321 ኤክስኤልአር የሚባለው አውሮፕላን መሀል ለመሀል አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው ነው፤ በቅርጹ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከሚመላለሰው 737 ብዙም አይለይም። የስፔኑ ኢቤሪያ በኅዳር 2024 ከማድሪድ ቦስተን አበረረው። ኩባንያው እንደሚለው እስከ 8,700 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ ላይ መብረሩም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1985 ጀምሮ በልዩ ፈቃድ ሲሠራበት ኖሯል። አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው ብቻ እየበረረ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚያርፍበት ኤርፖርት እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል።

ዋናው ነገር መቀመጫው ነው። ትልቁ አውሮፕላን ከ250 ሰው በላይ ይፈልጋል፤ ይኸኛው ከ200 ባነሰ ሰው ሥራውን ይሠራል። ሰው ላነሰበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ለእኛ ግን አይደርስም። ከባሕር ዳር ዋሽንግተን 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኒውአርክ ኑክ 3 ሺህ ገደማ። ኑክ በካርታ ስትታይ የዓለም ጫፍ ትመስላለች እንጂ፣ መንገዱ ከአዲስ አበባ ዱባይ ካለው ብዙም አይበልጥም። ከባሕር ዳር ተነስቶ አሜሪካ ለመግባት ትልቁ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ወደ ከፍታውና ወደ ነዳጁ ጣጣ ተመለስን።

«ትንሽ ኤርፖርት ከሆነ ትኬቱ ርካሽ ነው»

የማረፊያ ክፍያው ሊያንስ ይችላል። የቀረውን መንገድ ግን ተሳፋሪው ይከፍላል። ኖርዌጂያን የተባለው አየር መንገድ «ኒው ዮርክ» እያለ የሚሸጠው በረራ አንዱ የሚያርፈው ስቱዋርት ኤርፖርት ነበር፤ ከማንሃተን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ በረራው እንዲመጣላቸው ለአየር መንገዱ ከካዝናቸው ገንዘብ ይሰጣሉ። ርካሽ ከሆነም ሌላ ሰው ከፍሎለት ነው።

«አንዴ ከተጀመረ አይቆምም»

ኖርዌጂያን በ2017 ክረምት ከአየርላንዷ ኮርክ ወደ አሜሪካዋ ፕሮቪደንስ መብረር ሲጀምር ኮርክ ሠርግ ሆና ነበር። ለመስመሩ የታሰበው አውሮፕላን ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ማክስን እኛ በሌላ ነገር ነው የምናውቀው። መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። በዚያው ሳምንት ማክስ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። ኖርዌጂያን ማክስ መቼ እንደሚመለስለት አያውቅም ነበር፤ ኪሳራም ላይ ነበር። በመስከረም 2019 ከአየርላንድ ወደ ሰሜን አሜሪካ የነበሩትን በረራዎች በሙሉ ዘጋ። እንዲህ ያሉ መስመሮች በአንድ ዓይነት አውሮፕላንና በጥቂት መንገደኛ ላይ የቆሙ ናቸው። አንዱ ሲጎድል የሚነካው መጀመሪያ ትንሹ ከተማ ነው።

«የጎጃም ዲያስፖራ ብቻውን ይሞላዋል»

ይህን የሚለው ሰው ለገና የሚመጣውን ሕዝብ አይቶ ነው። እውነት ነው፣ ለገናና ለጥምቀት፣ በአሜሪካ የትምህርት ቤት እረፍትም፣ ወንበር ይጠፋል። ጥር ሲያልቅስ? አየር መንገድ ሒሳብ የሚሠራው በየካቲትና በግንቦት ነው። ለበዓል ሲሆን ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎርፈው፤ ሲመጣ ሞልቶ ሲመለስ ባዶ። የኑኩ በረራ ራሱ የተጀመረው ለበጋ ወራት ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው።

ሰዉም አንድ ቦታ አይኖርም። አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ሚኒሶታ፣ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ሲያትል። ከባሕር ዳር አንድ አውሮፕላን ቢነሳ የሚያርፈው አንዱ ከተማ ነው፤ የቀሩት ያው ትራንዚት ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ዘዴ ከባሕር ዳሩ፣ ከናይሮቢውና ከሌላውም ትንሽ ትንሽ ሰው ሰብስቦ አንዱን አውሮፕላን መሙላት ነው። አልወደው ይሆናል፣ ግን ሒሳቡ ልክ ነው።

ለእኔ መጠየቅ ያለበት ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይነሳል። የባሕር ዳሩ በረራ ከሁለቱም ጋር ቢገጥም፣ እናቶች ቦሌ ወንበር ላይ ውለው አያድሩም ነበር። እስከዚያው ትኬት የሚቆርጥ ሰው የባሕር ዳሩንና የአሜሪካውን በአንድ ትኬት ያድርገው። የአገር ውስጡ ለብቻው ተቆርጦ በዝናብ ወይም በጭጋግ ቢዘገይ፣ ያመለጠው የማታው በረራ የመንገደኛው ኪሳራ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ቀጣዩን በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ሥራ ይሆናል። ከአሜሪካ ለሚመጣም ቢሆን፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለገባ ሰው የአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ስላለው ሳይጠይቁ መክፈል አያስፈልግም።