ከአንጎለላ እስከ ዩኒኮድ፦ የኮምፒውተር ቀደምቶችና ሰሜን ሸዋ

ኮምፒውተርን ብቻውን የፈጠረ ሰው የለም። የሒሳብ ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና የፊደል ጉዳይ ያንገበገባቸው ሰዎች እየተቀባበሉ ነው እዚህ ያደረሱት። ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ኮምፒውተር ታሪክ ወሬ ከተነሳ ግን ቶሎ የሚጠራው የቢል ጌትስ ስም ነው። ማይክሮሶፍት የተመሠረተው በ1975 ነው። ዋናው ታሪክ ያኔ ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዞ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን ለማየት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። በ1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን አንኮበር ደረሰ። በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ቡድኑ እስከ 1843 ሸዋ ውስጥ ቆየ። በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ ቻርልስ ባቤጅ የሚባል የሒሳብ ሊቅ የአንድ ግዙፍ ማሽን ንድፍ ይዞ ይጨነቅ ነበር። ማሽኑ በእንፋሎት ኃይል የሚዞሩ ጥርሳም ተሽከርካሪዎች አሉት። ቁጥር የሚያስቀምጥበት ክፍል ለብቻው፣ የሚያሰላበት ክፍል ለብቻው ነው። የዛሬው ኮምፒውተር ማስታወሻና አስሊ ክፍል የሚለያየው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ትዕዛዙ የሚሰጠው በተበሳ ካርድ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ፈረንሳዊው ዣካርድ ከሠራው የሽመና መሣሪያ ነው። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ የትኛው ክር ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ በአእምሮው ይቆጥራል። ዣካርድ ይህን ቆጠራ ካርድ ላይ አሰፈረው። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ይቀራል።

በ1843 አዳ ላቭሌስ ስለ ባቤጅ ማሽን የተጻፈ ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉማ የራሷን ማስታወሻ ጨመረችበት። ማስታወሻው ከጽሑፉ በላይ ረዘመ። ማሽኑ የቤርኑሊ ቁጥሮች የሚባሉትን እንዴት እንደሚያሰላ ደረጃ በደረጃ አሳየች። ብዙዎች የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሉት ይህንን ነው። ለእኔ ከዚህም የሚበልጠው ሌላ ሐሳቧ ነው። ማሽኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሥርዓት የሚገለጽ ማንኛውንም ነገር፣ ሙዚቃንም ጭምር፣ ሊሠራበት ይችላል አለች። ባቤጅ እንኳ ይህን ያህል አርቆ አላየም። ማሽኑ ሳይሠራ ቀረ፤ እሷም በ36 ዓመቷ አረፈች።

የአዳ ማስታወሻ በታተመ በዓመቱ፣ በ1844፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ላይ ምኒልክ ተወለዱ። የመረጃ ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ ሲነሳ እሳቸውን መዝለል አይቻልም። በ1894 የፖስታም የቴሌኮሙኒኬሽንም ሥራ በይፋ ተጀመረ። ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ድምፅ በሽቦ ሲመጣ መስማት ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀጣዩን ዘመን በፍጥነት ልለፈው። በ1936 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ አንድ ማሽን ትዕዛዙ እየተቀየረለት ማንኛውንም ስሌት መሥራት እንደሚችል በጽሑፍ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ምስጢራዊ መልዕክት ከፈቱት አንዱ ነበር። በ1946 አሜሪካ ውስጥ ኤኒያክ ይፋ ሆነ። ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኪዩም ቱቦዎች (አየር የወጣላቸው፣ ኤሌክትሪክን የሚቆጣጠሩ ቱቦዎች) የነበሩት፣ አዳራሽ የሚሞላ ማሽን ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ለረጅም ጊዜ ስማቸው አልተነሳም። በ1948 ክላውድ ሻነን መረጃ በቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆነ ትንሹ የመረጃ መለኪያ፣ እንደሚለካ አስረዳ። በ1952 ግሬስ ሆፐር ለሰው የሚቀል ትዕዛዝን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም አቀረበች። በ1974 ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ደንብ አወጡ። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን ሐሳብ አቀረበ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ልፋት ለመንዝና ለሞረት ሰው የሚጠቅመው ማሽኑ ፊደሉን ሲያውቅለት ነው። ስለዚህ ፊደላችንን ማሽን ላይ ያሰፈሩት ሰዎች ከእነ ቱሪንግ ጎን መቆጠር አለባቸው እላለሁ። ከኮምፒውተር በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው ይነሳል። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል ጥቂት ቁልፍ ባለው መኪና ላይ ማስፈር ከባድ ፈተና ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ የሚያስችል ሶፍትዌር አዘጋጁ። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ወጥ አድርጎ በኢሜይል የመላላኪያ ደንብ አወጡ።

ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ማስቀመጡ ነበር። መፍትሔው ዩኒኮድ ሆነ። ዜሮክስ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ጆ ቤከር በ1988 ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፤ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር ይሰጠው የሚል ነው። ግዕዝ በ1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ገባ።

አሠራሩን «ሸዋ» በሚለው ቃል እንየው። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ይይዛል። ከ«ሸ» በፊት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ አሉ፤ ሰባት ቤት በስምንት ሲባዛ 56 ነው። ስለዚህ «ሸ» 4664 ይሆናል። «ወ» 4808 ስለሆነ እስከ ራብዑ «ዋ» እንቁጠር፦ ወ 4808፣ ዉ 4809፣ ዊ 4810፣ ዋ 4811። ስልኩም ሰርቨሩም የሚያውቁት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው፤ 4664 እና 4811።

የድሮው ጣጣ ግን ገና አላለቀም። ደብረ ብርሃን ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠራ ሰው ፍላሽ ተቀብሎ ሲከፍት በአማርኛ ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር የሚያይበት ጊዜ አለ። ፋይሉ አልተበላሸም። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ስብስብ) የተጻፈ ነው። ያንኑ ፎንት ፈልጎ መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል።